ማንም ያልጠቆመበት ልጅ

ተረት ተረት።

፦ የማታ እራት።

አልሰማሁም። እንደዚህ የሚመልስ ሰው እራቱን የተነጠቀ ነው። እንደገና። ተረት ተረት።

፦ የማታ እራት።

እሺ፣ አሁን ሰው ሆናችሁ። ጠጋ በሉ። ደምስ፣ እግርህን ሰብስብ፣ እህትህ ፊት ላይ ነው ያለው። ስንዱ፣ ኩራዙን ዝቅ አድርጊው፣ ጋዙ ያልቃል። ዝቅ አድርጊው አልኩ እንጂ አጥፊው አላልኩም። የቆሎው ሳህን እኔ ጋ ይቀመጥ። እናታችን ከወፍጮ ቤት ሳትመለስ ማንም አይነካውም፣ አደራ ብላኛለች። እንዳታዩት ራሱ። ወደኔ እዩ።

በድሮ ዘመን፣ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት ጎጆ ነበረች። የጎጆዋ እመቤት የሻረግ ትባላለች። ባሏ ሞተ። ልጆቹን ጥሎላት ሞተ። ስንት ልጆች? ደምስ፣ ጣትህን አውርድ። በዚያ አገር ልጅ አይቆጠርም። ከተቆጠረ ይጎድላል ብለው ይፈራሉ። በስም በስማቸው ልንገራችሁና እናንተም በልባችሁ እንዳትቆጥሩ።

ትልቋ ባንቺ ናት። ተንኮለኛ ናት፣ ቆንጆም ናት፣ በሁሉም እኔን ትመስላለች። ከሷ ቀጥሎ መንታዎቹ ጥጋቡና አንለይ። አንዱ የጀመረውን ጠብ ሌላው ይጨርሰዋል። የመጨረሻዋ ትንሿ ትርንጎ ናት። አፍንጫዋ ደርቆ አያውቅም፣ ሲፈስ ይውላል፣ እሷም ስትስበው ትውላለች። ስንዱ፣ ምን አስኮረፈሽ? ትርንጎ ነው ያልኩት።

የሻረግ ብቻዋን ናት። ብቻዋን ትቆፍራለች፣ ብቻዋን ትቀዳለች፣ ብቻዋን ትቆጣለች። እንጨት ለቅማ ስትመጣ መንታዎቹ ጣራ ላይ ናቸው። እነሱን ስታወርድ ትርንጎ አመድ ትበላለች። የትርንጎን አፍ ስትጠርግ ባንቺ የፍየሏን ቀንድ በእናቷ መቀነት ጠምጥማ «ሙሽራ መጣች፣ እልል በሉ» ትላለች። የሻረግም ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልትቆጣ ስትል ስማቸው ይደባለቅባታል። ጥጋቡን «ባንቺ» ትለዋለች። ባንቺን «አንለይ» ትላታለች። ትርንጎን በፍየሏ ስም ትጠራታለች። ፍየሏ እንኳን ዞር ትላለች፣ ልጆቹ ግን አይዞሩም።

ብርድ ሲመጣም የባሏን ቡልኮ ቀደደችና ለልጆቿ አካፈለች። ሁሉም ያንኑ ቡልኮ ተከናንበው ነው የሚውሉት። ማታ ማታ ከኋላ ብታዩዋቸው ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በዚያ አገር አንድ ደንብ አለ። ጀምበር ስትጠልቅ እናት አጥሩ በር ላይ ትቆምና ልጆቿን አንድ በአንድ፣ በስም በስማቸው ታስገባለች። «ባንቺ ግቢ፣ ጥጋቡ ግባ» እያለች። ለምን? ገደሉ ውስጥ ስም የሌለው ነገር አለ። ማንም ጠርቶት አያውቅም። በዚያች ሰዓት አጥር ለአጥር እየዞረ ያደምጣል። ስሙ የተጠራ ብቻ ነው መግባት ያለበት።

አንድ ቀን የሻረግ የሰው ማሳ ስታርም ውላ መጣች። ወገቧ ተቆርጧል። ጀምበሯም ልትጠልቅ ነው። አጥሩ በር ላይ ቆመችና መጥራት ጀመረች።

፦ ባንቺ።

ዝም።

፦ ጥጋቡ። አንለይ። አንተ ... አንቺ ... ትርንጎ።

ዝም። ከድርቆሹ ጀርባ ሲንሾካሾኩና ሲስቁ ይሰማታል። እንደገና ጠራቻቸው። እንደገና ሳቁ። ከዚያም የሻረግ ደከማት። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና እንዲህ አለች፦

፦ በቃ። ውጭ ያለ ሁሉ ይግባ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ነፋሱም ቀጥ አለ። ከዚያም ልጆቹ ገቡ። እየተገፋፉ፣ እየተራገጡ፣ አንዱ የአንዱን ቡልኮ እየጎተተ ገቡ። የመጨረሻው ግን ማንንም ሳይገፋ ገባ። ገባና በሩን ከኋላው በቀስታ ዘጋው።

የሻረግ ልጆች በር ዘግተው አያውቁም።

ለእራት ቂጣ ቆርሳ እንደልማዷ ለየልጁ ሰጠች። ቂጣው አለቀ። አንድ እጅ ግን እንደተዘረጋ ነው። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ አለችና የራሷን ድርሻ አጎረሰችው። ጣቷን ስታወጣ ምንጭ ውሃ ውስጥ ከርሞ የወጣ ይመስል ቀዝቅዟል።

፦ በርዶሃል እንዴ ልጄ?

፦ የለም፣ እማዬ።

ፊቱን አየችው። የባሏን ግንባር አየች። የራሷን አገጭ አየች። ይሄንንም ወልጄዋለሁ አለች በልቧ። መቼ እንደወለደችው ልታስታውስ ስትል እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቤቱ ቀና። ውሃ ስትል እንስራው ሞልቷል። እንጨት ስትል እንጨቱ ተከምሯል። ማንንም በማንም ስም ብትጠራ ከልጆቹ አንዱ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት እማዬ» ይላታል። ራሳቸውን ጭኗ ላይ እያስተኛች ስትቀምላቸው፣ አንዱ ራስ ላይ አንዲት ቅማል የለችም። ዞር ስትል ግን የትኛው እንደነበረ ይጠፋታል። ፊቱ እንደ ጢስ ነው፣ እያየችው አለ፣ ዓይኗን ስታነሳ የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሏታል። ጎረቤት «አንዱ ልጅሽስ የተባረከ ነው» ሲላት «አባቱን ነው የመሰለ» ትላለች። እናንተን የምታሳድግ ሴት ብትሆን ደግሞ ከነጭራሹ ትለዋውጣችሁ ነበር።

ምንድነው የሚቆረጠመው? አይጥ ናት። ሁሌም በዚህ ሰዓት ትመጣለች። ዝም ብላችሁ ስሙ።

ታዲያ እያደር ቂጣው ይበቃ ጀመር። ዱቄቱ አልጨመረም። ቆራሹም ያው ነው። ነገር ግን የሻረግ ስታካፍል እጇ ትርንጎ ጋ ሲደርስ ይዘላታል። ክፋት ኖሯት አይደለም፣ እጇ ነው የሚዘላት። ትርንጎ «እማዬ» ስትል ድምጿ ከወንዝ ማዶ እንደሚመጣ ነው። መንታዎቹ ሲሯሯጡ ይረግጧትና ማንን እንደረገጡ አያውቁም። የዚያኛው ልጅ አፍ እየሞቀ ሲሄድ የትርንጎ እጅ እየቀዘቀዘ ሄደ። ከዚያም አንድ ቀን አፍንጫዋ ደረቀ።

አትሳቁ። መፍራት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። የትርንጎ አፍንጫ ደረቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ እሜቴ ዘርጊ እሳት ሊጭሩ መጡ። ዓይናቸው አያይም። በትራቸውን አስቀመጡና ምድጃው አጠገብ ቁጭ አሉ። ዝም ብለው አዳመጡ።

፦ የሻረግ፣ ትንሿ ልጅሽ የት ሄደች? አፍንጫዋን ስትስብ እዚያ ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

፦ የትኛዋ ትንሿ?

አለችና የሻረግ አፏን ያዘች። የገዛ ቃሏን ሰማችው። ዞር ብላ ፈለገች። ትርንጎ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያለው የምሰሶው ጉጥ በሷ አልፎ የሚታይ መሰላት።

እሜቴ ዘርጊ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

፦ በስሙ ሳትጠሪ ያስገባሽው አለ?

፦ ደክሞኝ ነበር እሜቴ። ውጭ ያለ ሁሉ ይግባ ብዬ ነበር።

፦ እንግዲህ ገብቷል። ቦታ ፍለጋ ነው የመጣው። የሷን ቦታ ይይዛል፣ እሷ ደግሞ የሱን ትይዛለች፣ ገደል ውስጥ። ነገ ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ካላስወጣሽው ልጅቱ የለችም። ደግሞ ተጠንቀቂ። ተሳስተሽ የወለድሽውን አስወጥተሽ ከዘጋሽበት፣ እሱም ተመልሶ አይገባም።

፦ በምን እለየዋለሁ? ያየሁትን ሁሉ ወልጄዋለሁ ነው የምል።

፦ ልጆችሽ ታዘውሽ ያውቃሉ?

የሻረግ እዚያው እንደተቀመጠች ማልቀስ ጀመረች።

፦ አንድ ቀን ታዘውኝ አያውቁም።

፦ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ነገ ባንድ ላይ ጥሪያቸው። በመጀመሪያው ጥሪ የመጣውን ያዢና አስወጪ።

አሉና እሳታቸውን በገል ይዘው ሄዱ።

አሁን ባንቺ የት ናት? በር ጀርባ ናት። የሰው ወሬ መስማት ሥራዋ ነው። ግን ዘግይታ ነው የደረሰችው። ስለ ገደሉ አልሰማችም። የሰማችው የእናቷን ለቅሶና «አንድ ቀን ታዘውኝ አያውቁም» የምትለዋን ብቻ ነው። ከዚያም ወንድሞቿን ድርቆሹ ጋ ሰበሰበቻቸው።

፦ እማዬ አለቀሰች።

፦ ማን መታት? አለ ጥጋቡ።

፦ እናንተ ናችሁ። ነገ እንታዘዛታለን። ነገን ብቻ። ከነገ ወዲያ ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

፦ እኔ አልችልም፣ አለ አንለይ።

፦ ካልቻልክ እንቅልፍ ሲወስድህ ጆሮህ ውስጥ ጉንዳን እከታለሁ።

፦ እሺ እችላለሁ።

በነጋታው የሻረግ ውሃ ቀድታ እንስራውን አጥሩ ሥር አስደገፈችው። ጀምበሯ ወደ ገደሉ እስክትወርድ ጠበቀች። ከዚያም ግቢው መሃል ቆማ አንዴ ብቻ ጠራች።

፦ ልጆች።

፦ አቤት እማዬ።

ሁሉም። ባንድ ድምጽ። ከድርቆሹ ጀርባ፣ ከበረቱ፣ ከጓዳው ወጡና ከፊቷ ተደረደሩ። ቡልኳቸውን ተከናንበዋል። አይገፋፉም። አይስቁም። ባንቺን ከወለደች ጀምሮ ስትለምነው የኖረችው ነገር መጣ። ዛሬ መጣ። ዛሬን ብቻ ቢቀርባት ምን ነበረበት።

የሻረግ ቡልኮውን ከየራሳቸው ላይ እየገለጠች አየች። ልጇ ነው። ቀጣዩም ልጇ ነው። ቀጣይዋም ልጇ ናት። ሁሉንም ወልዳለች። የጀምበሯ ጠርዝ ገደሉን ነክቷል። ያ የመጀመሪያው ማታ ትዝ አላት፣ የቀዘቀዘ ጣቷ። ከዚያም እጃቸውን መንካት ጀመረች። ሞቃት። ሞቃት። ሞቃት። አንዷ እጅ ግን እንደ በረዶ ናት። አገኘሁህ አለችና ወደ አጥሩ በር ጎተተቻት።

፦ እሺ እማዬ፣ አለች ባለ እጇ።

የማን እጅ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የሻረግ አታውቅም። የሾኹን በር ይዛለች፣ ልትከፍተው ነው። ነገር ግን የያዘቻት እጅ በጣም ትንሽ ሆነችባት። ቆመች። ከያዘቻት ልጅ ወደ ሌሎቹ አየች፣ ከሌሎቹ ወደያዘቻት ልጅ። ብሳሳትስ አለች። ታዘው ስለማያውቁ በመታዘዝ አላውቃቸውም። ታዲያ ልጆቼን በምን ነው የማውቃቸው?

እንስራው ከጎኗ ነው። ከዚያም በክርኗ ገፋችው።

እንስራው ተንከባለለና ድንጋዩ ላይ ተሰበረ። ውሃው እግራቸው ሥር ሄደ።

፦ እንስራዬን ማነው የሰበረው?

መታዘዙ እዚያው ላይ አበቃ።

፦ አንለይ ነው፣ አለ ጥጋቡ።

፦ ጥጋቡ ነው እማዬ፣ ትናንትም ድንጋይ ሲወረውርበት ነበር።

፦ ውሸታም። የወረወርከው አንተ፣ ያቀበልኩህ እኔ።

፦ ባንቺ ናት፣ አለች አንዲት ቀጭን ድምጽ፣ የሻረግ እጅ ውስጥ ካለችው ልጅ።

ከዚያም ከዳር የቆመው ልጅ ጣቱን አነሳ። ቀስ ብሎ አነሳና የሻረግ ላይ ቀሰረው።

፦ አንቺ ነሽ እማዬ። በክርንሽ። አይቼሻለሁ።

እውነቱን ነው። እውነት የሚናገር ልጅ ደግሞ የሻረግ ቤት አልተወለደም። ግን አሁንም ልቧ አልቆረጠም። የተጠቆመባቸውን የራሴ ናቸው እያለች በዓይኗ አለፈቻቸው። ጥጋቡ ላይ ተጠቁሟል። አንለይ ላይ ተጠቁሟል። ባንቺ ላይ ተጠቁሟል። ከዳር ባለው ላይ ማንም አልጠቆመም። እጇ ላይ ባለችውም ማንም አልጠቆመም። አንድ ጣት ብቻ ቀርታለች፣ የባንቺ።

፦ ባንቺ፣ አንቺስ ማን ነው ትያለሽ?

ባንቺ አፏን ከፈተች። ሁሌም የምታሳብብባት አንዲት ሰው አለች፣ ማን እንደሆነች ግን ጠፋባት። ጣቷ ተነሳ። ከዳር ያለው ልጅ ጋ ደረሰና ማንም እንደሌለበት ቦታ አለፈው። መንታዎቹን አለፈ። የእናቷን እጅ አለፈ። ቆመ። ተመለሰ። ጀምበሯ ክር አክላለች።

፦ ትርንጎ ናት፣ አለች ባንቺ። ሁሌም እሷ ናት። መቀነትሽንም የቀደደችው እሷ ናት።

፦ እኔ አይደለሁም።

ድምጿ ከወንዝ ማዶ አልመጣም። እዚያው ግቢው ውስጥ ጮኸ።

፦ እማዬ፣ ትዋሻለች፣ መቀነቱን ፍየሏ ላይ ያሰረችው ራሷ ናት። ራሷ ናት።

አለችና ትርንጎ ማልቀስ ጀመረች። አፍንጫዋም ፈሰሰ። እጇም በእናቷ እጅ ውስጥ ሞቀ።

የሻረግ የሾኹን በር ከፈተችና ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጣቻቸው። ከዚያ እሷ አጥሩ በር ላይ ቆመች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ሳትቀላቅል፣ እያንዳንዱን ዓይን ዓይኑን እያየች ጠራች።

፦ ባንቺ ግቢ። ጥጋቡ ግባ። አንለይ ግባ። ትርንጎ፣ የኔ ንፍጣም፣ ግቢ።

ገቡ። እየተገፋፉ ገቡ። ውጭ አንድ ልጅ ቀረ።

፦ እኔስ እማዬ? አለ። እኔንም ጥሪኝ።

የሻረግ አፏን ከፈተች። የሞላላትን እንስራ አሰበች። የከመረላትን እንጨት አሰበች። ፊቱም በዚያች ሰዓት የባሏን ይመስላል። አንዲት ስም፣ የፍየሏም ስም ብትሆን፣ ብትጥልለት ይገባል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ከዚያም አፏን በእጇ ያዘችና የሾኹን በር ጎትታ ዘጋችው።

ልጁ ትንሽ ቆመ።

፦ እሺ እማዬ፣ አለ።

ወደ ገደሉም ሄደ። እሱ መቼም ታዛዥ ነው።

የሻረግ ቤት ወደ ድሮው ተመለሰ። መንታዎቹ ጣራ ላይ፣ ትርንጎ አመድ ውስጥ፣ መቀነቱ ፍየሏ ላይ። እንስራው ስለተሰበረ ውሃ በድስት መቅዳት ሆነ። የሻረግም እየተራገመች ትስቃለች። ከነሱ አንዱ ታዲያ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ያለ ቀን ትደነግጥና አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ብርሃን ታዞረዋለች።

ያኛውስ? ያኛው አሁንም ጀምበር ስትጠልቅ አጥር ለአጥር ይዞራል። የደከማት እናት ያለችበትን ቤት ይፈልጋል።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ።

እንዴ። ቆሎው የታለ? ሳህኑ ባዶ ነው። ማነው የጨረሰው?

፦ ስንዱ ናት።

፦ ደምስ ነው፣ ኪሱን ፈትሹት።

ጥሩ። ደምስ ስንዱን ጠቆመ፣ ስንዱ ደምስን ጠቆመች። ሁለታችሁም የዚህ ቤት ልጆች ናችሁ፣ አትፍሩ።

ቆይ ግን።

እኔን ማንም አልጠቆመኝም።

ሳህኑ እኔ ጋ ነበር። ሲቆረጠምም ሰምታችኋል። ማንም እኔን አልጠቆመኝም። ዛሬ ማታ ወደዚህ ቤት ስገባ ማነው በስሜ የጠራኝ? አንተ ነህ ደምስ? አንቺ ነሽ ስንዱ? በሩንስ ከኋላዬ በቀስታ የዘጋው ማነው?

ኑ እንጂ፣ ምን ያሸሻችኋል። ተረት የነገረ ሰው ጾሙን አያድርም። ከእራታችሁ ቆርሳችሁ አጉርሱኝ። ጣቱን ቀድሞ የሚያመጣ ማነው?

አልነክስም። አፌ ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ።